ከአሥር ሦስቱ

ይህን የምጽፈው በአንድ ግልጽ ምክንያት ነው። ባለፈው ሰሞን የጓደኛዬ የአያንሌ አባት አርፈው ሀርሺን ለለቅሶ ሄጄ ነበር። ለቀስተኛው ስለ ሟቹ ስለ አዴር ዋርሳሜ ግመሎች፣ ስለ እንግዳ አቀባበላቸው፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም ስለሚልለት አንደበታቸው ሲያወራ ዋለ፤ ለልጃቸው ትምህርት ሲሉ ጅግጅጋን ስለዞሩባት ስለዚያች ቀን ግን አንድም ሰው አላነሣም። ሊያነሣም አይችልም ነበር። ያችን ቀን ከዳር እስከ ዳር የምናውቃት ጥቂቶች ነን። ከእኛም አንደኛው በሥራ ዝውውር ከአገሩ ርቀዋል፣ አንደኛው አሁን አፈር ውስጥ ናቸው፣ ልጃቸው ደግሞ «አንተ ጻፈው፤ እኔ ስጀምረው እጄ እምቢ ይለኛል» አለኝ። ስመለስ ቀብሪበያ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም፣ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ ያስነሣው የአቧራ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴት መሸፈኛቸውን ከአፍንጫቸው ገለጥ አድርገው ሽታውን በረጅሙ ሳቡት። የቀረውን መንገድ ያቺ ቀን አብራኝ ተጓዘች።

ለትዝታ ዕድሜህ አልደረሰም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ጸጉሬ ገና አልሸበተም። ነገር ግን የአንድን ዘመን ማለፍ የሚያስታውቀው ሽበት ብቻ አይደለም፤ የሻይ ዋጋም ያስታውቃል። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው ከተማችን ከአንድ ክፉ የሁከት ክረምት በኋላ መስኮቶቿን ቀስ በቀስ በምትከፍትበት ወራት ነበር። ከግቢው በር ፊት ለፊት በላስቲክ በተጋረደችው ሻይ ቤት፣ ዝንጅብልና ሄል የገባበት በወተት የፈላ ሻይ አምስት ብር ነበር። ላሆህ የሚባለውን ስስ የሶማሌ ቂጣ በስኳርና በዘይት አርሰው ሲያቀርቡልን፣ አንዱን ለሁለት ተካፍለን እስከ ምሳ እንቆይበት ነበር። ወደ መሀል ከተማ የሚወስደን ባጃጅ ከባለ አውታሩ ከካባን ጋር የሚዘፈኑ የቆዩ የፍቅር ዘፈኖችን ያሰማል፤ ሾፌሩ ግጥሙን ለእኔ ለመተርጎም አንድ እጁን ከመሪው ላይ ያነሣል፣ ተሳፋሪው ሁሉ «መሪህን ያዝ» ይለዋል። የእኛ ዘመን ወንዶች በበርበራ በኩል የገባ፣ ከእግር ጋር የተጣበቀ ጂንስ እንለብስ ነበር፤ በእግረኛ መንገድ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ ይሸጣል፣ የሚለካውም በአንገት ዙሪያ ተጠምጥሞ ነው። ዛሬ በሻይ ቤቷ ቦታ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። አልፎ አልፎ ስሄድ ለወጉ ማኪያቶ አዝዤ በመስኮቱ እመለከታለሁ፤ ሕንፃው አያስከፋም፣ የሚሸት ነገር ግን የለውም።

እኔ የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። አያቴ በወታደርነት መጥተው የቀሩ ናቸው፤ አባቴ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ጠበቃ እንድሆን ትመኝ ነበር፣ እኔም ታሪክና ሕግ ነክ መጻሕፍትን እያነበብሁ ያደግሁ ስለሆንሁ ምኞቷን ተቀብዬው ነበር። የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲመጣ ግን ዕድል ሌላ ሆነ። በዚያ ዘመን ሒሳብ ክፍል የሚገባው መርጦ ሳይሆን ተርፎ ነው፤ ሕግ የሞላበት፣ ምሕንድስና ያመለጠው፣ ጤና ነጥቡ ያልደረሰለት ሁሉ የሚሰበሰብበት ጥግ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። እናቴ ስትሰማ ጎረቤቷን «ልጄ ተመድቦ እኮ ነው» ስትላት፣ ጎረቤታችንም ስለ ሩቅ ግንባር እንደ ሰማች ሁሉ «አይዞሽ፣ ይመለሳል» አለቻት።

ከዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ መካከል ፊቱ የበራ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ነጭ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ፣ ከፊት ተቀምጦ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስንት እንደሆንን ሲጠየቅ ዞሮ ቆጠረንና «ሁለትና ሃያ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አያንሌ አማርኛን የተማረው በሁለተኛ ቋንቋነት ስለሆነ ቁጥርን በሶማሊኛው ሥርዓት፣ ትንሹን አስቀድሞ ትልቁን አስከትሎ ይጠራ ነበር። ሲጽፍም እንዲሁ ነው፤ ሃያ ሰባት ቢሉት መጀመሪያ ሰባትን ጽፎ ለሁለት የሚሆን ቦታ ከግራዋ ይተዋል። በኋላ ስንቀልድበት «እናንተ ትልቁን አስቀድማችሁ ትንሹን ትረሱታላችሁ፤ እኛ የምንረሳው የለንም» ይለን ነበር። ሒሳብን በመጀመሪያ ምርጫው የሞላ እሱ ብቻ መሆኑን ስንሰማ ሁላችንም እንደ ቅዱስ ወይም እንደ እብድ አየነው።

ምሥጢሩ አንድ ቃል ነበር። ሒሳብ የሚለው ቃል በአማርኛም በሶማሊኛም አንድ ነው። ሻይ ጠጥቶ የሚነሣ ሰው «ሒሳብ!» ይላል፤ ባለሱቅ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ይዘጋል፤ አልጀብራና ጂኦሜትሪም ሒሳብ ነው። አዴር ዋርሳሜ ከሀርሺን ስልክ ደውለው ለልጃቸው ያሉት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ሒሳብ ግባ። እሳቸው ያሰቡት የነጋዴውን፣ የቢሮውን ሒሳብ ነው፤ ልጁ ተምሮ እንዲመለስና የከብት ንግዳቸውን በሥርዓት እንዲይዝላቸው። አያንሌ ግን በምርጫው ወረቀት ላይ አካውንቲንግ የሚለውን ባዕድ ቃል አልፎ፣ አባቱ የተናገሩትን ቃል ፈልጎ አገኘና በታዛዥነት ምልክት አደረገበት። የተሳሳተው ስለታዘዘ ነው።

ያወቀው በሳምንቱ ነው። መምህራችን በሰሌዳው ላይ ባዶውን ስብስብ ጽፎ፣ በውስጡ ምንም እንደሌለና የቁጥሮች ሁሉ ሕንፃ ከዚያ ሊጀመር እንደሚችል ሲያስረዳ አያንሌ አንገቱን አቀርቅሮ ቆየ። ከክፍል ወጥተን ሻይ ቤቷ እንደተቀመጥን አባቱ ያሉት ይህን እንዳልሆነ ነገረኝ። ክፍል ለመቀየር ጊዜው ገና እንደ ሆነ፣ ሬጅስትራር ዛሬውኑ ቢሄድ እንደሚያስተካክሉለት ነገርሁት። ሻዩን አማሰለ፣ አልተነሣም። «በእኛ ቤት ባዶ ማለት የሞት ዜና ነው» አለኝ፤ «በረቱ ባዶ ነው፣ ቢርካው ባዶ ነው። እዚህ ግን ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከባዶ ነው አለ። ይህን ሳልጨርስ እንዴት እወጣለሁ?» ቢርካ በሀርሺን ምድር የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተገረገደ ጉድጓድ ነው። ቃሉን ያን ዕለት ከእሱ አፍ ስሰማ እንደ ቀልድ ነበር የወሰድሁት።

አልወጣም። ለአባቱም አልነገረም፤ አልዋሸም ግን። በየስልኩ ምን እየተማርህ ነው ሲሉት ሒሳብ ይላቸዋል፣ እሳቸውም አላህ ይባርክህ ይሉታል። እኔም ሳላስበው በእሱ ፍቅር ተጎትቼ ትምህርቱን መውደድ ጀመርሁ። አንድ ቀን መምህሩ ዝምድና ስለሚባለው ነገር ሲያስተምር፣ አንዱ ለሌላው የሚሆነውን ሌላውም ለአንዱ የሚሆንበትን፣ ሲሜትሪክ የሚባለውን ዓይነት በምሳሌ እንድናስረዳ ጠየቀን። አያንሌ እጁን አውጥቶ «አዴር» አለ። በሶማሊኛ አዴር አጎት ማለት ነው፤ ትንሹ ታላቁን አዴር ብሎ ይጠራል፣ ታላቁም መልሶ ትንሹን አዴር ይለዋል። መምህሩ ከወሎ የመጣ ጭምት ሰው ነበር፤ ጠመኔውን አስቀምጦ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ የወጣው በሁለተኛው ዓመት በበጋው ወራት፣ በጅግጅጋ ገበያ ሱቅ ባለው ዘመዳቸው በኩል ነው። ሰውየው አያንሌን ጠርቶ የሱቁን የዓመት ሒሳብ እንዲዘጋለት ለመነው፤ አያንሌም እንደማይችል በትሕትና ነገረው። ዘመድየው በዚያኑ ዕለት ሀርሺን ደወለ። ልጅህ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ተምሮ ሒሳብ አያውቅም አላቸው።

አዴር ዋርሳሜ ፍየል በጫነ አይሱዙ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሽርጣቸውን በሰፊ ቀበቶ ያጠበቁ፣ ትከሻቸው ላይ በትራቸውን አጋድመው ሁለት እጃቸውን በላዩ የሰቀሉ ሰው ነበሩ። ስማቸው በቋንቋቸው መልካም ዜና ያለው ማለት እንደሆነ አያንሌ ነግሮኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ፊታቸው ስማቸውን አይመስልም። ሻይ ቤቷ ውስጥ ተቀመጡ። ልጃቸውን በሶማሊኛ ጥቂት ጠየቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነበር፣ አጭርና ቀጥተኛ።

«አዴር፣ አንተ የከተማ ልጅ ነህ። ልጄ ሒሳብ ይማራል፣ አዎ?»

«አዎ፣ አዴር።»

«የሱቅ ሒሳብ ለምን አያውቅም?»

ልረዳው ፈልጌ ነገሩን አባስሁት። ይህኛው ሒሳብ ከፍ ያለ መሆኑን፣ ከፍ እያለ በሄደ መጠንም ቁጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ አንዳንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድም ቁጥር ሳይጻፍ ትምህርቱ እንደሚያልቅ በጨዋ አማርኛ አብራራሁላቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ቁጥር የሌለው ሒሳብ» አሉ። «ውኃ የሌለው ቢርካ ማለት ነው፣ አዴር?»

ሻይ የምትቀዳው ሴት ወደ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ይሰማል። እሳቸው ግን አልሳቁም። ልጃቸውን አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይቀል ነበር። በዚያች ደረቅ ዓመት እጅ እንደሚያስፈልጋቸው፣ አንድ ልጅ ከከብቱ ተለይቶ የሚቀመጠው ለሚበላ ነገር ብቻ መሆኑን፣ አይሱዙው በማግስቱ ከቀትር በኋላ እንደሚመለስና አያንሌም አብሮ እንደሚሄድ በዝግታ ተናገሩ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና በር ከፈቱልን። «አንድ ሰው አሳዩኝ» አሉ። «በዚህ ሒሳብ እንጀራ የሚበላ አንድ ሰው። ካየሁ ይቀራል። ካላየሁ ይሄዳል።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ተያይዘን ወጣን። ባጃጅ አልፈለጉም፤ ከተማ የሚታወቀው በእግር ነው አሉ። ያኔ አስፋልቱ በያለበት እየተሠራ ስለነበር ሽርጣቸው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለበሰ። በመጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረኝ የሒሳብ መምህር ዘንድ ወሰድኋቸው፤ የተከበረ፣ እኔን ሰው ያደረገ ሰው ነው። አዴር ዋርሳሜ እጁን ጨብጠው ኑሮ እንዴት ነው አሉት። መምህሬ ሐሰት የማያውቅ ሰው በመሆኑ፣ ማስተማሩን እንደሚወድ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ባጃጅ እንደሚነዳ ነገራቸው። ውጭ ስንወጣ «ጥሩ ሰው ነው» አሉ፤ «ግን እንጀራውን የሚያበላው ባጃጁ ነው።» ቀጥለን ባንክ ገባን። በመስኮቱ ውስጥ የነበረው ወጣት ከእኛው ክፍል ከጥቂት ዓመታት በፊት የተመረቀ ነው፤ ክራባት አስሮ፣ ጸጉሩን አሳምሮ ይሠራል። የመቁጠሪያው ማሽን ብሩን ፍርርር አድርጎ ሲቆጥር አዴር ዋርሳሜ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱት። የተማረው ይኼ ማሽን ነው አሉ፤ ወጣቱ ጠባቂው ብቻ ነው።

ፀሐይዋ ወደ መሀል ወጣች። አያንሌ ይበቃል አለኝ። ልብሱን ዛሬ ጠዋት እንዳጠፈ፣ መጻሕፍቱን ለእኔ ሊተውልኝ እንደሆነ፣ ባዶውን ስብስብ ግን ማንም ከእሱ ሊወስድበት እንደማይችል ፈገግ ብሎ ነገረኝ። ፈገግታው ነው የከበደኝ። የማደርገው ጠፍቶኝ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ሳለ፣ ልጅ ሆነን ኳስ ስንጫወት ኳሳችን ዘልላ የምትገባበት በሽቦ የታጠረ የሣር ግቢ ትዝ አለኝ። በመካከሉ በአራት እግር የቆመ ነጭ ሳጥን አለ፤ ሠራተኛው እየተቆጣ ኳሳችንን ይመልስልን ነበር። የአየር ጠባይ ጣቢያ ነው።

ሠራተኛው አቶ ታምራት ይባላሉ። ሳንዊች እየበሉ አገኘናቸው፤ ጉዳያችንን ስንነግራቸው ሳንዊቹን በወረቀት ጠቅልለው ተነሡ። «ሒሳብ ነው የተማርሁት» አሉ፤ «በገባሁበት ዓመት እናቴም አልቅሳለች።» አዴር ዋርሳሜ ነጭ ሳጥኑን ዞሩት፣ ከዚያ ዝናብ በሚጠራቀምበት መለኪያ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይህቺ ጣሳ ናት ዝናብን የምታውቀው?»

አቶ ታምራት ጣሳዋ የምታውቀው የዘነበውን ብቻ እንደሆነ፣ ያልዘነበውን ለማወቅ ግን የብዙ ዓመታት ዝናብ፣ የሩቅ ባሕር ሙቀትና የነፋስ አካሄድ በሒሳብ ተጣምሮ እንደሚመዘን አስረዱ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ያዳመጡ አልመሰለኝም። በእሳቸው አገር ሰው ሁሉ ዓመቱን የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ጉ፣ የበልጉ ዝናብ፣ ዘንድሮ ይመጣል ወይ?

«ከአሥር ስድስቱ ይመጣል ይላል» አሉ አቶ ታምራት። «አራቱ አይመጣም ይላል።»

«ወላሂ በል።»

«አልልም፣ አባቴ። ብምል እዋሻለሁ።»

አዴር ዋርሳሜ በትራቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ ተከሉ። ይህን ያስተማረህ ሒሳብ ነው ብለው ጠየቁ፤ አዎ አሏቸው። የእኔ ልጅ የሚማረው ሒሳብ ነው ብለው ጠየቁ፤ አዎ፣ የልጅዎ ነው አሏቸው። ከዚያ ለእኔ፣ ልጃቸው እንዲሰማ ግን በአማርኛ፣ እንዲህ አሉ፦ «በአገሬ ዝናብ ይመጣል የሚል ሰው ሁሉ ይምላል። አባቴም ምሏል፣ እኔም ምያለሁ። ይኼ ሰው አልማለም። የሚያውቀውን ነገረኝ፣ የማያውቀውንም ቆጥሮ ነገረኝ።»

ከቀትር በኋላ አይሱዙው ያለ አያንሌ ሄደ። ከመሳፈራቸው በፊት የልጃቸውን ራስ በመዳፋቸው ይዘው የተናገሩትን አያንሌ በኋላ ተረጎመልኝ፤ ሒሳብ ተማር አልሁህ፣ ተማርህ፤ የተሳሳተው ቃሉ ነው ማለታቸው ነበር። ዘንድሮ ያን ቃል ተማሪዎቼ ፊት ስጠራ አንዳንዴ አቆማለሁ። አዎን፣ እኔም መምህር ሆኛለሁ፤ እናቴም ከጠበቃ የማያንስ ሙያ ነው ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ለሕዝብ ጥናት መጠይቅ ይዞ በየቀበሌው ይዞራል፣ ሁለቱ ባንክ ናቸው፣ አንዷ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፣ አንዱ አይሻ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በዕቃ ማስተላለፍ ሥራ ተቀጥሮ በነፋሱ ላይ ሲያማርር ይኖራል። ሒሳብ ምን ያበላል ለሚለው ጥያቄ የተገኙት መልሶች እነዚህ ናቸው። ብዙ አያጠግቡም፤ ጾም ግን አላሳደሩም።

ጉ በዚያ ዓመት መጣ። በዚያው ሰሞን ዓለም ሁሉ በበሽታ በሩን የዘጋበት ጊዜ ሆነ፤ እኛንም ወደየቤታችን መለሱን፤ አያንሌ መጻሕፍቱን ይዞ ወደ ከብቶቹ ሄደ። ስልኩ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ስለነበር እየደወለ ያልገባውን የሒሳብ ማረጋገጫ ይጠይቀኛል፤ ከበስተጀርባው የፍየል ድምፅ ይሰማል፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ እሱ በድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንሠራዋለን። እንደ እነዚያ ወራት ተምሬ አላውቅም። ስንመለስ ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ከሁላችንም በልጦ መጣ። በምረቃው ቀን ጥቁር ጋውኑን ለብሶ ሲወጣ አዴር ዋርሳሜ ከአጥሩ በኩል ቆመው በትራቸውን ከፍ አደረጉ። ጋውኑ በአንድ ፎቶ ቤት በኩል የተከራየ ነበር፤ እጀታው አጥሮት የእጁ አንጓ ይታያል። ያ ፎቶ አሁን ሀርሺን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አያንሌ ተወዳድሮ በአየር ጠባይ ሥራ ተቀጠረ፤ አቶ ታምራት እስኪዛወሩ ድረስም ሥራውን እሳቸው አስተማሩት። ደስታችን ገና ሳይደበዝዝ ግን ዝናቡ ቀረ። አንዱ ወቅት ቀረ፣ ቀጣዩም ቀረ። ቢርካዎቹ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኑ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቁ። በቀብሪበያ መንገድ ዳር የከሱ ከብቶች ተጋድመው የምናልፍበት ጊዜ ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም ዘፈን ክፈት አይልም። በዚያ ጊዜ ነው አያንሌ መጪውን ጉ በተመለከተ ከጓደኞቹ ጋር የሠራውን ትንበያ ይዞ ለአባቱ የደወለው። አጠገቡ ነበርሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከአሥር ሰባቱ አይመጣም ይላል፣ ሦስቱ ይመጣል ይላል አላቸው። ከብቶቹ ገና በእግራቸው ሳሉ ገበያ እንዲያወጧቸው ለመናቸው። በስልኩ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፤ አያንሌ ቃል በቃል ተረጎመልኝ። «ሦስት ብዙ ነው» ብለዋል። «እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ከሦስት ባነሰ ኖሬአለሁ። ሦስቱን ይዤ እጠብቃለሁ።»

አልመጣም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት አያንሌ ቢሮ እየገባ፣ ሠርቶ እየወጣ አሳለፋቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥቶ ሥራውን ሊለቅ እንደሆነ ነገረኝ። «አይመጣም ብዬ ብምልለት ኖሮ ይሸጥ ነበር» አለ። «አንድ ወላሂ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ሰባትና ሦስት አልሁት።» ሻይ ቀድቼለት አጠገቡ ተቀመጥሁ። መልሱን ያመጡት አዴር ዋርሳሜ ራሳቸው ናቸው። ትንሽ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ጅግጅጋ ገቡ። የሚጠብቁት ከብት ስላልተረፋቸው በትሩ ትከሻቸው ላይ ትርፍ ይመስል ነበር። ልጃቸው ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት። «ብትምልልኝ ኖሮ እንደ ሌሎቹ ነህ ብዬ አላምንህም ነበር» አሉት። «አንተ ሦስት ሰጠኸኝ፤ እውነተኛ ሦስት። ሦስቱን ይዞ የጠበቀው እኔ ነኝ። ሥራህን አትተው፣ አዴርህ ያፍርብሃል።» አዴርህ ያሉት እኔን ነው።

አልተወም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሽማግሌው በየጠዋቱ ከልጃቸው ጋር ወደ ሽቦው ግቢ ይሄዱ ነበር፤ ዘበኛው ወንበር ያወጣላቸዋል፣ እሳቸው ነጭ ሳጥኑ ትይዩ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ። እኔም ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሻይ በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፤ ዋጋው ያኔ አምስት ብር አልነበረም። አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ካደረ ዝናብ በኋላ ስደርስ፣ ሣሩ ውስጥ ባዶ እግራቸውን ቆመው መለኪያውን ወደ ታች ሲመለከቱ አገኘኋቸው። እስከ አፉ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። እየተንጠባጠቡ ቀና አሉና ሳቁ፤ ስማቸውን የመሰለ ፊት ያን ቀን አየሁባቸው።

«አዴር፣ ሦስቱ መጣ» አሉኝ። «መንገድ ላይ ቆይቶ ነው እንጂ፣ መጣ።»

አያንሌ ወጥቶ የጣሳውን ውኃ ለካ። አባቱ የተለካው ውኃ እንዳይደፋ ለምነው በመዳፋቸው ተቀበሉትና ፊታቸውን ታጠቡበት።

በለቅሶው ሰሞን ሀርሺን ከአባቱ መቃብር ስንመለስ አያንሌና እኔ በአሮጌው በረት አጠገብ አለፍን። የእሾህ አጥሩ ረግፏል፣ መሬቱ ላይ አዲስ ሣር በቅሏል። ባዶ ነው አለኝ፤ እኔም አወቅሁ፣ ስለ በረቱ ብቻ እንዳልተናገረ። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ የጠፋውን ቆጠረልኝ። በእነሱ ሥርዓት፣ ትንሹ ቀድሞ ትልቁ ተከትሎ፣ እንደ ቆጠረልኝ እጽፈዋለሁ።

ሦስትና አርባ በግ። ስድስትና ሃያ ፍየል። ዘጠኝ ላም። አምስት ግመል። አንድ አባት።